ከየኔታ ደጅ እስከ ሕፃናት ማቆያ

ብዙዎቻችን የማኅበሩ አባላት ማለዳ ልጃችንን ለሌላ ሰው አስረክበን ወደ ሥራ የምንሮጥ ነን። ወላጅና ልጅ ጠባቂ በከተማችን እንዴት ሲነጋገሩ እንደኖሩ ማወቅ ለዛሬውም ይረዳናል።

ቀድሞ ሕፃን ከቤት ሲወጣ የሚሄደው ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቁርኣን ቤት ነበር። የኔታ የሰፈር ሰው ስለነበሩ እናት ከቅዳሴ መልስ ወይም ለቅሶ ቤት ስታገኛቸው የልጇን ነገር ትጠይቃለች። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳል፣ የኔታም ይመሰገናሉ። ነገር ግን ስለ አለንጋው ደፍራ የምትጠይቅ እናት ጥቂት ነበረች።

በደርግ ዘመን በቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ፤ በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም በሥራው ተሳትፏል። አስተማሪዋና እናቲቱ አሁንም ጎረቤቶች ነበሩ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ግን መዋዕለ ሕፃናት በአመዛኙ የግል ሆነ፤ ወላጅም ከፋይ ሆነ።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ለውጡ ይበልጥ ይታያል። በሰሚት፣ በአያትና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ከየሰፈሩ የመጣ ሰው ተቀላቅሎ ይኖራል። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከየክልሉ የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናስረክበው ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሳይሆን ገና አፉን ያልፈታ ጨቅላ ነው። ሌሊት እንዳተኮሰው፣ ጡት እንቢ እንዳለ፣ መድኃኒት እንደወሰደ ሞግዚቷ የምታውቀው እናቱ ከነገረቻት ብቻ ነው።

ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በ2002 ዓ.ም. ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ የወላጆችን ትምህርት ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም። በተግባር ግን ነገሩ ከትንሽ ይጀምራል። ጠዋት በር ላይ፣ «ሌሊቱን እንዴት አደረ? መቼ ጠባ?» ማታ ደግሞ፣ «ምን በላ? ስንት ሰዓት ተኛ?» መባባል ነው። ማስታወሻ ደብተር ጥሩ ነው፤ ማንበብ ለማትችል እናት፣ ወይም አማርኛ ለማትሰማ፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ በቃል መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው የሚዘነጋው የሠራተኞቹ የእርስ በርስ ንግግር ነው። እናት ለጠዋቷ ሞግዚት የነገረችው ለከሰዓቷ ካልደረሰ ልጁ መድኃኒቱን ሁለቴ ሊወስድ ወይም ጨርሶ ሊያልፈው ይችላል። የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃውም ያዩትን የሚናገሩበት ሰው ሊኖራቸው ይገባል። ሞግዚቷም ክብር ይገባታል፤ የምትገሠጽበት ብቻ ሳይሆን የምትመሰገንበትም ቀን ከሌላት፣ ልጁ ወድቆ ሲመታ ፈርታ ትደብቃለች።

እህቶቼ፣ የኔታን ደጃቸው ላይ ያገኘናቸው ጎረቤታሞች ስለነበርን ነው። ዛሬ ያ ጉርብትና ስለሌለ፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ለዚህ ንግግር እንመድብ፤ ማቆያዎቹንም ጊዜውን እንዲሰጡን እንጠይቅ።