በብር ማትረፍ፣ በዶላር መክሰር፦ የውጭ ዜጋ ሥራና ንግድ በልደታ ዙሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ የውጭ ዜጋ በልማድ እንደ አንድ ወገን ይታያል፤ ዶላር ያለው፣ ቢከፋው ወደ አገሩ የሚመለስ ተደርጎ። በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዓመታት የታየው ግን ሌላ ነው። ሰውን ከሰው የለየው ከፓስፖርቱ ይልቅ ገቢው በየትኛው ገንዘብ እንደሚመጣ፣ ዕዳው በየትኛው እንደሚከፈል ነበር። ልደታ ክፍለ ከተማና አካባቢው ይህን ልዩነት በቅርብ ለማየት ያመቻሉ።

ከልደታ ብዙም ሳይርቅ፣ የዓለም በቃኝ ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። የኅብረቱ ዓለም አቀፍ ሠራተኛ ደመወዝ የሚሰላው በዶላር ነው፤ የዕለት ወጪው በአብዛኛው በብር። ብር ሲዳከም እርሱ አይጎዳም። ፋብሪካ የከፈተው ወይም አገልግሎት የሚሸጠው ባለሀብት ግን በብር እየሰበሰበ ጥሬ ዕቃውን፣ መለዋወጫውንና የባለአክሲዮኖቹን ድርሻ በዶላር ይከፍላል።

ለዚህኛው ሕጉ ቃል ገብቶለታል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ለሚያካሂደው ፕሮጀክት በመርህ ደረጃ ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር እንዲመድብ ይጠይቃል፤ በምላሹ ትርፉንና የውጭ ብድር ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ የማስወጣት መብት ይሰጠዋል። የመብቱ አፈጻጸም ግን በባንክ ወረፋ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ነዳጅና መድኃኒት ቅድሚያ በሚያገኙበት ሰልፍ የትርፍ ድርሻ ለረጅም ጊዜ መጠበቁ የተለመደ ሆነ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ባለዕዳን በብር ሊያስከፍል ይችላል፤ ባንኩ እጅ ላይ የሌለውን ዶላር ግን ፍርድ አይፈጥረውም።

በ2014 ዓ.ም. ላኪዎች ካገኙት ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ፣ ለራሳቸው 20 በመቶ ብቻ እንዲያስቀሩ ታዘዘ። በጥቅምት 2015 ደግሞ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት በባንክ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና) መክፈት ተከለከለ። መውጫ ያጣ አስመጪ ዶላር ለማግኘት ቡናና ሰሊጥ ወደ መላክ ገባ፤ አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ ይሸጥና ኪሳራውን ባስመጣው ዕቃ ዋጋ ላይ ይጭነዋል። በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ደመወዝተኛ ለዕቃ በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ቡና ተልኮ የጠፋው ገንዘብ ነበረበት። የእጥረቱ ትልቁ በደል ይህ ይመስለኛል፤ ወረፋው ላይ ያልቆመው ሰው የወረፋውን ዋጋ ከፍሏል።

ያው የብርና የዶላር ልዩነት በባቡሩም ላይ ይታያል። ከመስቀል አደባባይ አብረው የሚመጡት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች የሚለያዩት ልደታ ላይ ነው። በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ትኬቱን የሚሸጠው በብር ነው፤ መለዋወጫው ከውጭ በዶላር ይመጣል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። የኢንቨስትመንት ሕጉ የውጭ ባለሙያ ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ እንዲተካ ይፈልጋል፤ በባቡሩም ቻይናውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያውያንን አሠልጥነዋል። ዕውቀቱ ቢተላለፍም ዕቃ የሚገዛበት ምንዛሪ አብሮ አልተላለፈም።

የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በውጭ ዜጋና በአገር ውስጥ ባለሀብት መካከል ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ከመረጡም ለውጭ ዜጋ የተዘጋ መስክ ይከፈትላቸዋል። ነገር ግን ትርፍን በምንዛሪ የማስወጣት ዋስትና የተሰጠው ለውጭ ባለሀብት ስለሆነ በምርጫቸው ያንን ያጣሉ። ከዚህም የባሰው የደንብ መለዋወጥ ነው፦ መጀመሪያ የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ፣ በ2011 ዓ.ም. ሕግ መልሶ ፈቀደላቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚገለበጥ ደንብ ባለበት አገር ቁጠባውን ይዞ የሚመጣ ሰው ድፍረቱ ሊከበርለት ይገባል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ላኪዎች ግማሹን ምንዛሪ እንዲያስቀሩ ተፈቀደ፣ የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ተነሣ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የወረፋው ችግር ሲቀል የተመኑ አደጋ ከበደ። በ2013 ዓ.ም. የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር የገዛው በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ከደንበኞቹ የሚሰበስበው ብር ነው፤ የብር መውደቅ በእናት ኩባንያው ሒሳብ ላይ ከባድ ጫና አሳድሯል።

ማሻሻያው ትክክል ነበር፤ ከእርሱ በፊት ወደነበረው ወረፋ መመለስም አይገባም። ይሁንና በአዋጅ የተጻፈው ትርፍ የማስወጣት መብት በተግባር መፈጸሙን ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ አዳጋች ነው። ብሔራዊ ባንክ ጥያቄዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ እንደተፈቀዱና በአማካይ ስንት ቀን እንደፈጁ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቅ።