ጓዝ ጠባቂውና ጦረኛው

ዳዊት ገና ሳይነግሥ በጺቅላግ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ አማሌቃውያን ከተማዪቱን አቃጥለው፥ ሴቱንና ሕፃኑን ማርከው ሄዱ። እርሱም 600 ሰዎች አስከትሎ ገሠገሠ። ከቦሦር ወንዝ ሲደርሱ 200ዎቹ ደክመው መሻገር ስላልቻሉ ከጓዙ ዘንድ ቀሩ፤ 400ው ተሻግረው ጠላትን ድል መቱ፥ ምርኮውንም አስመለሱ። ከድሉ በኋላ ከተዋጉት አንዳንዶቹ፥ በወንዝ ዳር የቀረ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይቀበል እንጂ ከምርኮው ድርሻ ሊኖረው አይገባም ብለው ተከራከሩ። ዳዊት ግን ጓዝ የጠበቀውና ወደ ውጊያ የወረደው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ፍርዱም በእስራኤል ዘንድ ሥርዐት ሆኖ ቀረ። ታሪኩ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ30ኛው ምዕራፍ ይገኛል።

ይህ ፍርድ ለሰባኪ ቀላል ነው፤ ለጦር አዛዥ ግን እንዲህ አይቀልም። የ400ዎቹም ቅሬታ ከክፋት ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከሞት ጋር ተያይቶ የተመለሰ ሰው በጥላ ሥር ከቈየው ጋር እኩል ሲታደል ቢከፋው አያስደንቅም። በማናቸውም ዘመን በነበረ የጦር ሰፈር ይኸው ክርክር በትንሹም በትልቁም ሲነሣ ኖሯል። ዐሥር ሰዎች በየተራ ዘብ የሚያድሩ እንደ ሆነ እያንዳንዱ በዐሥር ሌሊት አንድ ጊዜ ይነቃል፤ ወጥ ሠሪውና ጸሐፊው ከተራው የወጡ እንደ ሆነ የቀሩት በየስምንት ሌሊቱ ይደርሳቸዋል። ወጥ ሠሪው በበኩሉ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ እሳት እንደሚያነድ ይናገራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ የነጻነቱ ፍትሕ የሚመዘነው ከአንዱ ግዴታ የወጣው ሰው በምትኩ የተሸከመው ሸክም ተቈጥሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በመመርመር ነው።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዐት ሸክሙን የቈጠረው በመሬት ነበር። ባላምባራስ፥ በኋላም ብላቴን ጌታ፥ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፍ የመሬቱ ስሪት ከነአገልግሎቱ ተዘርዝሮ ይገኛል። ጠመንጃ ይዞ የሚዘምተው በማደሪያው መሬት ይኖራል። ግንደበል የተባለውን መሬት የያዘ ደግሞ በዘመቻ ጊዜ የንጉሡን ድንኳንና ስንቅ ማጓጓዝ ግዴታው ነበር። ባልደራሱ ለፈረስና ለበቅሎ፥ ወረገኑ ለመንግሥት ከብት፥ የማድ ቤቱ ባለመሬት ለግብር ቤቱ ቀለብ ይጠየቃል። ካህኑ ጦር አያነሣም፤ ነገር ግን ታቦቱን አጅቦ ይዘምታል፥ በሰሞን መሬቱም ይተዳደራል። በዚህ ሥርዐት ድንኳን የሚጭነው ሰው ከተኳሹ በክብር ቢያንስም፥ የሥራው ስም የታወቀ፥ ዋጋውም በጋሻ መሬት የተለካ ነበር። ሳይዘምት በቤቱ የቀረ ባለመሬት ርስቱ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው ስሪት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በልዩ ልዩ መልክ እየተለወጠም ቢሆን ቈይቷል።

ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት ዐዋጅም ከዚሁ አሳብ የወጣ ነው። ዐዋጁ ጕልበት ያለው በጕልበቱ እንዲረዳ፥ ጕልበት የሌለው ግን በኀዘንና በጸሎት እንዲያግዝ ያዝዛል፤ እያመካኘ የሚቀረውን ደግሞ በብርቱ ያስጠነቅቃል። ለደካማው ነጻነት ተሰጥቶታል፤ ፈጽሞ ሥራ ፈት እንዲሆን ግን አልተተወም። የሸዋም ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ተቀጠረለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጕዞ ያየ ሰው ተዋጊና አገልጋይ የሚለው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ይረዳል። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ጦር ከመንግሥት ጎተራ የሚቀለበው ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ዘማች በሶውንና ቆሎውን፥ ድርቆሹንም ከቤቱ ይዞ የወጣ ነው። በመቀሌ ምሽጉን በጥይት መስበር ባስቸገረ ጊዜ የእቴጌ ጣይቱ ወታደሮች ምንጩን ያዙ፤ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ያስለቀቀው በዋናው የውኃ ጥም ነው። ምንጭ ይዞ መቀመጥ ለአዝማሪ ግጥም የማይመች ሥራ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ሰሞን ከዚህ የበለጠ ያደረገ የለም።

ዐድዋ ላይ ሁለቱም ወገን ከጠላቱ ይልቅ ስንቁን ይፈራ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ የኢትዮጵያ ጦር በረኃብ እስኪበተን ድረስ ለመጠበቅ ፈልጎ ሳለ የእርሱም ስንቅ ወደ ማለቁ ደረሰ፤ ከሮማም የሚመጣው ግፊት በረታበት። የካቲት 23 ቀን ውጊያው ሲጀመር ከኢትዮጵያ ጦር ብዙ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ገጠር ተሰማርቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚያ ማለዳ ከጦር ሜዳ ርቀው በመገኘታቸው ከክብር ሊጎድሉ ይገባ ነበርን? እነርሱ እህል ባይፈልጉ ኖሮ የቀረው ጦር እስከዚያ ቀን ባልቈየም ነበር። በዕለቱም በእቴጌይቱ ትእዛዝ ብዙ ሴቶች ውኃ በእንስራና በገምቦ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ሲያድሉ እንደ ዋሉ ተጽፏል። ጥይት በሚወርድበት ሜዳ ውኃ የሚያመላልሰውን ሰው ከውጊያ ነጻ የወጣ ብሎ መጥራት የቃል ጨዋታ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሥርዐት ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። ለግንደበሉ መሬት የለካ መንግሥት ዱቄት ለፈጨችው፥ እንጀራ ለጋገረችው፥ ልጅ አዝላ ጓዝ ለተሸከመችው ሴት የለካላት መሬት አልነበረም። እርስዋ የምትቈጠረው በባልዋ ወይም በጌታዋ ስም ነበር። ባሮችም በብዛት ዘምተዋል፤ ድርሻቸው የጌታቸው ድርሻ ሆነ። በደቡቡም አገር ለወታደሩ የተመደበው ገባር የሌላውን ዘመቻ በጕልበቱ ይከፍል ነበር፤ ጦር በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ድርጎ የሚያወጣው ባላገሩ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ አገር ሲራብ ይህ ሸክም የማይቻል ሆነ። ምኒልክ ከዚያ በኋላ ወታደር በባላገር ቤት እየተሰራ መብላቱን ለማስቀረት ዐሥራትን የደነገጉት ስለዚህ ነው። የአንዱ ነጻነት በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ለማወቅ ከሰፈሩ ወጥቶ ማሳውን መመልከት ያስፈልጋል።

ከዐድዋ ድል 18 ዓመት በኋላ፥ ከኢትዮጵያ ደቡብ በሚገኘው አገር፥ ይኸው ጥያቄ እጅግ በከፋ መልክ ተነሣ። በ1914 (ከዚህ ወዲህ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ብሪታንያ ኬንያን፥ ጀርመን ደግሞ የዛሬዋን የታንዛኒያ ዋና ምድር ይዘው ነበር። የጀርመኑ አዛዥ ፎን ሌቶ ፎርቤክ በግልጥ ውጊያ ከመያዝ ይልቅ እየሸሸ የሚወጋ ስለ ሆነ፥ የብሪታንያ ጦር መንገድና ባቡር በሌለበት ቈላ እስከ ኅዳር ወር 1918 ድረስ ተከተለው። የገንዲ ዝንብ የጭነቱን እንስሳ ፈጀው። ያን ጊዜ የቀረው አጋሰስ ሰው ብቻ ሆነ።

የአንድ ተሸካሚ ጭነት 50 ፓውንድ፥ ማለት ወደ 23 ኪሎ ያህል ነበር። በቀን አንድ ኪሎ ዱቄት የሚበላ እንደ ሆነ፥ የዐሥር ቀን መንገድ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ 20 ኪሎውን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ለጦረኛው የሚያስረክበው ሦስት ኪሎ ብቻ ይሆናል። ተኳሹ ወደ ፊት በራቀ ቍጥር ተሸካሚው በእጥፍ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በጦርነቱ መጨረሻ የንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃ ያዦች የተባለው ጦር ከ30 ሺህ በላይ ደርሶ ሳለ፥ በብሪታንያ በኩል ከልዩ ልዩ ግዛቶች ለሸክም የተወሰደው ሰው በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ነበር፤ አንዳንዶችም ከአንድ ሚሊዮን ያላነሰ አድርገው ይገምቱታል።

በኬንያ በ1915 የወጣው ሕግ እነዚህን ሰዎች በግዴታ ለመመልመል ሥልጣን ሰጠ። ሕጉ «ተከታዮች» ብሎ ሰየማቸው፤ ወታደር አላላቸውም። ወታደር ስላልሆኑ ከመተኰስ ነጻ ናቸው፤ ወታደር ስላልሆኑም የወታደር ደመወዝ፥ የወታደር ልብስና ምግብ አይገባቸውም ተባለ። ከደጋ የመጣው ሰው በባዶ እግሩና በአንድ ብርድ ልብስ ወደ ወባ አገር ወረደ። ሙዝ የለመደው በደንብ ያልበሰለ የበቈሎ ዱቄት በላ፤ ተቅማጡና ወባው ጥይት ካደረሰው እጅግ የሚበልጥ ሰው ገደለ። በ1917 ጦሩ ወደ ደቡብ ሲገፋ በኬንያ አጠቃላይ ምልመላ ታዘዘ፤ የየአገሩ ሹማምንት ጕልማሳውን ሰበሰቡ። በዚህም ጊዜ ሌላ ዐይነት ነጻነት ነበረ፤ በነጭ ሰፋሪዎች እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ከሸክም ይቀርለታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሞት ለማምለጥ በርካሽ ደመወዝ ወደ እርሻዎቹ ገባ። ይህ ነጻነት ለሠራተኛው ምሕረት ቢመስልም፥ ከሁሉ በፊት የጠቀመው እርሻውን ነው።

የተሸካሚው ጓድ መሪ የነበረው ኦስካር ዋትኪንስ በሰዎቹ አያያዝ ደጋግሞ አቤት ብሏል። በይፋ የተመዘገበው የተሸካሚዎች ሞት ከ40 ሺህ በላይ ነው፤ የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ወደ 100 ሺህ ያደርሱታል። ከጦርነቱ በኋላ ዘመድ ያልተገኘለት ወይም ዘመዱ ያልተፈለገለት የሟች ደመወዝ ተከማችቶ ቀረ። ገንዘቡ ለተወላጆቹ ጥቅም እንዲውል ቢጠየቅም የለንደን ግምጃ ቤት አልፈቀደም። ቦሦር ወንዝ ዳር ከተነሣው ክርክር ይልቅ ይህ ይብሳል፤ በዚያ የተጠየቀው የምርኮ ድርሻ ነበር፥ በዚህ ግን የራስ ደመወዝ ነው።

በ1928 በናይሮቢ በቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ላይ ተሸካሚው ከወታደሮቹ ጐን ተቀርጿል፤ ጽሑፉም ተሸካሚዎቹን የሠራዊቱ እግርና እጅ አድርጎ ያመሰግናል። በናይሮቢ ካሪያኮር፥ በዳሬሰላምም ካሪያኮ የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከተሸካሚው ጓድ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ነገር ግን ሐውልቱ የሰው ስም የለበትም።

በ1917 የተቋቋመው የብሪታንያ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን፥ ጄኔራልም ሆነ ተራ ወታደር፥ የሞተ ሁሉ እኩል የመቃብር ድንጋይና የተጻፈ ስም እንዲኖረው መመሪያ አውጥቶ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ለተሸካሚው አልተፈጸመም፤ መቃብሩ ለዱር ተተወ። ኮሚሽኑ ራሱ በሚያዝያ 2021 ባወጣው ሪፖርት፥ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች የሆኑ ቢያንስ 116 ሺህ ሙታን፥ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ፥ በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ጨርሶ ሳይታሰቡ እንደ ቀሩ አመነ። የብሪታንያ የመከላከያ ሚኒስትርም በዚያው ሰሞን በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከሟቾቹ ልጆች መካከል ያን ቃል ለመስማት በሕይወት የቈየ ቢኖር ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ነበር።