ስለ አዳሚ ቱሉ ጥንታዊ ባሕርና ታሪኩን ስለ መረመሩ ሊቃውንት

ከመቂ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ የዝዋይን ሐይቅ በስተ ግራው እያየ አዳሚ ቱሉ ይደርሳል። ከዚያም ጥቂት አልፎ ሲሄድ የቡልቡላ ወንዝ አመድ በሚመስል ነጭ አፈር መካከል ገደል ቈርጦ ወደ አብያታ ሲወርድ ያገኘዋል። እኔም ያን አፈር ባየሁ ጊዜ ኖራ መስሎኝ አልፌው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ነጩ አፈር የጥንት ባሕር ወለል ሲሆን በውስጡም በዐይን የማይታዩ የውሃ ዕፀዋት ቅርፊት ሞልቶበታል። ንብርብሩም እንደ ብራና ቅጠል ስለ ሆነ ማንበብ የሚሻ ሰው ከታች ይጀምራል።

በዚህ አገር የጥንት የውሃ ዳር ምልክት መኖሩን የስዊድኑ ሊቅ ኤሪክ ኒልሶን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1940 ጽፎ ነበር። ዘመኑን በቍጥር ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ቈየ። በ1975 የካምብሪጁ መምህር ግሮቭ፣ አሌይን ስትሪት የተባሉ ወጣት ተማሪና ጉዲ አንድ ሆነው የእነዚህን ሐይቆች የቀድሞ ልክ ለማኅበረ ሊቃውንት አስታወቁ። ወይዘሮ አሌይን በ1979 ለዶክቶርነት ማዕርግ ያቀረቡትም መጽሐፍ ስለ ዝዋይና ስለ ሻላ ሐይቆች ነው። ዛሬ ደረቅ በሆነ ኮረብታ ላይ የቀረውን የቀንድ አውጣ ዛጎል እየለቀሙ ከፍታውን ይለካሉ፤ በዛጎሉም ውስጥ ያለው አንዱ የካርቦን ዐይነት በየዘመኑ እየጐደለ ስለሚሄድ፣ የቀረውን በመመዘን ዕድሜውን ያሰላሉ። ያን ቅርፊት ደግሞ ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ አብረዋቸው መረመሩ።

የተገኘውም ነገር የሚያስደንቅ ነው። ከ9000 ዓመት በፊት ገደማ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ባሕር ነበሩ። የዚያ ባሕር ፊት ከውቅያኖስ በላይ 1670 ሜትር ያህል ሲሆን የዛሬው ሻላ ግን 1558 ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከመቶ ሜትር ይበልጣል። ዛሬ መውጫ የሌለው ይህ ውሃ ያን ጊዜ በመቂ በኩል ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር።

ይህ ሁሉ ዝናም ከወዴት መጣ? ወይዘሮ አሌይን ከአሜሪካዊው ኩትስባክ ጋር በ1985 ያወጡት ጽሑፍ ምክንያቱን ከፀሐይ ያመጣዋል። ዛሬ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በእኛ ሒሳብ ሐጋይ በሚገባበት ሰሞን ነው። በዚያ ዘመን ግን የምትቀርበው በክረምት ወራት ነበረ፤ የብሱም ይልቁን ስለ ሞቀ ርጥቡን ነፋስ አብዝቶ ወደ ራሱ ሳበ። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ሲሰማ ከእኔ ይልቅ ደስ ይለዋል ብዬ እገምታለሁ።

ሆኖም ንብርብሩ በመካከል ድንገተኛ የድርቅ ዘመናት እንደ ነበሩ ያሳያል፤ የፀሐይ ነገር ግን ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት አይለወጥም። ስለዚህ በ1990 ከፔሮት ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ፈለጉ። የሰሜኑ በረዶ ቀልጦ ጣፋጩ ውሃ በጨው ውሃ ላይ ሲፈስ የውቅያኖሱ ዝውውር ይታወካል፤ እርሱም ሲታወክ በሐሩር አገር ዝናም ይጐድላል አሉ። ከቡልቡላ ገደል የተነሣው ጥያቄ እስከ ሰሜን በረዶ ደረሰ ማለት ነው።

የእኛም ሰው በዚህ መንገድ ሄዶአል። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ባልደረባ የነበሩት አቶ ዱላ ሻንቆ፣ ከፈረንሳዊው ካምበርለን ጋር ሆነው በ1998 በደቡብ ምዕራብ የህንድ ውቅያኖስ ስለሚነሣው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ጻፉ። ዐውሎው እስከ እኛ አይደርስም፤ በማዳጋስካር አካባቢ ይዞራል። ነገር ግን ተከታትሎ በበዛበት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣውን ርጥበት ወደ ራሱ ስለሚያዞረው የእኛ በልግ ይጐድላል። በልግን ጠብቆ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ የማዳጋስካርን ስም ሳይሰማ በማዳጋስካር ነፋስ ይራባል። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢኖር ዘሩን ከከንቱ ያድናል፤ ከምርምር ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

አሁን አብያታ እየጐደለ ነው። አንዳንዱ ሰው፦ ሐይቅ በጥንትም ይደርቅ ነበርና ምን አዲስ ነገር አለ? ይላል። እውነት ነው፤ የወይዘሮ አሌይን መጻሕፍትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ነገር ግን በጥንቱ ዘመን ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚቀዳ፣ ከአብያታም ሶዳ ለማውጣት ውሃ የሚስብ ሞተር አልነበረም። የሰማዩን ድርሻ ከሰው ድርሻ ለመለየት የጥንቱን ልክ ማወቅ ግድ ነው። በሻላ ደሴት የሚፈለፈሉት ወፎች፣ ፔሊካን የሚባሉት፣ ምግባቸውን የሚያጠምዱት ከአብያታ ነበረ። ውሃው ጐድሎ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ጥቂት ብቻ ቀሩ።