ኢሜይልዎ በስውር ለሌላ ሰው እየተላለፈ ይሆን? ድብቅ የማስተላለፊያ ደንቦችን እንዴት መለየት ይቻላል?

በቶሮንቶ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ሱቅ ያላት አንዲት ኢትዮጵያዊት ከአዲስ አበባ ቡናና በርበሬ ታስመጣለች እንበል። ከላኪው ጋር የምትጻጻፈው በኢሜይል ነው። አንድ ቀን የክፍያ መጠየቂያ ይደርሳታል። የዕቃው ዓይነትና መጠን፣ የላኪው የሰላምታ አጻጻፍ ሳይቀር የወትሮው ነው፤ የተለወጠው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። ገንዘቡን ትልካለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነተኛው ላኪ ደውሎ "ክፍያው ለምን ዘገየ?" ሲል ይጠይቃታል።

ታሪኩ ለማስረጃ የቀረበ ምሳሌ ቢሆንም፣ ዘዴው ግን በገሃድ የሚፈጸም ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የሥራ ኢሜይልን መሠረት ባደረገ ማጭበርበር እ.አ.አ. በ2023 ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ መጥፋቱን ከደረሱት አቤቱታዎች አስልቶ አስታውቋል። ከቶሮንቶ ብዙም የማትርቀው የበርሊንግተን ከተማ አስተዳደርም እ.አ.አ. በ2019፣ የአንድ አቅራቢ የባንክ ሒሳብ እንዲቀየር በሚጠይቅ የሐሰት ኢሜይል ተታልሎ 503 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ወደ አጭበርባሪዎች ሒሳብ ልኮ ነበር።

የሊትል ጃማይካ መገኛ በሆነው በዚህ ጎዳና እ.አ.አ. በ2011 የተጀመረው የባቡር መስመር ግንባታ የትናንሽ ሱቆችን ገበያ ለዓመታት ጎድቷል። እንዲህ ላለ ሱቅ የአንድ ጭነት ክፍያ መጥፋት የመዘጋት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ደንቡ ምንድን ነው?

የኢሜይል አገልግሎቶች ለተጠቃሚው ምቾት ሲባል "እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ እንዲህ አድርግ" የሚል ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ። የይለፍ ቃል የሰረቀ ወንጀለኛ ይህንኑ አገልግሎት ለራሱ ዓላማ ያውለዋል። አንደኛው መንገድ የሚገቡትን መልእክቶች ሁሉ ቅጂ ወደ ራሱ አድራሻ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው "ክፍያ"፣ "ባንክ" ወይም "ደረሰኝ" የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ብቻ መርጦ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እውነተኛው ላኪ ወይም ባንኩ የሚልከውን ማስጠንቀቂያ ባለቤቱ እንዳያየው መሰረዝ ወይም ማንም ወደማይከፍተው ማኅደር ማዛወር ነው።

አደገኛው ነገር ይህ ነው፦ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ደንቡን አያጠፋውም። ሌባው ከቤት ቢወጣም የተወው ቀዳዳ ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

በጂሜይል እንዴት ይፈተሻል?

የጂሜይልን የማስተላለፊያ ቅንብር በስልኩ መተግበሪያ ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ኢሜይላቸውን በስልክ ብቻ የሚከፍቱ ሰዎች ቅንብሩን ሳያዩት ሊቆዩ ይችላሉ። በኮምፒውተር ገብተው ሴቲንግስ የሚለውን፣ ቀጥሎም ሙሉውን ዝርዝር ይክፈቱ። "ፎርዋርዲንግ" በሚለው ገጽ የማያውቁት አድራሻ አለመኖሩን፣ "ፊልተርስ" በሚለው ገጽ ደግሞ እርስዎ ያላወጡት ትእዛዝ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሁለቱም መታየት አለባቸው፤ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ሊበከል ይችላልና።

ጂሜይል አዲስ ማስተላለፊያ ሲከፈት የማረጋገጫ መልእክት የሚልከው ለተቀባዩ አድራሻ ነው። ተቀባዩ ወንጀለኛው ራሱ ከሆነ ማረጋገጫው አያግደውም።

በአውትሉክስ?

በድረ ገጹ ሴቲንግስ ውስጥ "ሜይል" ከሚለው ሥር "ሩልስ" እና "ፎርዋርዲንግ" የሚሉትን ለየብቻ ይመልከቱ። ኤፍቢአይ እ.አ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በድረ ገጽ የተፈጠሩ ደንቦች በኮምፒውተር ላይ በተጫነው ፕሮግራም ላይታዩ እንደሚችሉ አሳስቦ ነበር። ስማቸው አንድ ነጥብ ብቻ የሆነ ወይም መልእክቶችን ወደ "አርኤስኤስ" ማኅደር የሚወስዱ ደንቦች ካጋጠሙዎት ይጠንቀቁ።

የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች

• ሰዎች ላክን የሚሉት መልእክት በኢንቦክስዎ አለመገኘቱ
• ያልተነበቡ መልእክቶች ተነብበው ወይም ተሰርዘው መገኘታቸው
• ካልነበሩበት አገር ወይም ከማያውቁት መሣሪያ የተመዘገበ መግቢያ
• ደንበኞች ከእርስዎ ያልተላከ የክፍያ ጥያቄ ደረሰን ማለታቸው

ደንቡን ካገኙት

ከማጥፋትዎ በፊት በፎቶ ያስቀሩት፤ የተቀባዩ አድራሻ ለመርማሪ ማስረጃ ነው። ከዚያም ደንቡን ይሰርዙ፣ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ በሌሎች መሣሪያዎች ያሉትን መግቢያዎች ሁሉ ይዝጉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። የአካውንት ማስመለሻ ስልክና ኢሜይልዎ እንዳልተለወጡ፣ ፈቃድ ያልሰጡት መተግበሪያም እንዳልተያያዘ ይመልከቱ። ለድርጅት የሚሠሩ ከሆነ የኮምፒውተር ባለሙያው የሌሎችንም አካውንቶች እንዲፈትሽ ያሳውቁ።

ገንዘብ ተልኮ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድመው ለባንክዎ ይደውሉ፤ ዝውውሩን የማስቆም ዕድል በየሰዓቱ እየጠበበ ይሄዳል። በካናዳ የፀረ ማጭበርበር ማዕከሉ ስልክ 1-888-495-8501 ሲሆን፣ የቶሮንቶ ፖሊስ አስቸኳይ ላልሆኑ ጉዳዮች በ416-808-2222 ይገኛል። በኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል።

ጉዳዩ ገንዘብ ብቻም አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል በሚላክ የስለላ ፕሮግራም ዒላማ መደረጋቸውን እ.አ.አ. በታኅሣሥ 2017 ይፋ አድርጎ ነበር። የዚያ ዘዴ ከደንብ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፦ የሰው ደብዳቤ ከገንዘቡ እኩል ይፈለጋል።

ሁሉን የሚያሸንፈው ጥንቃቄ ግን ቀላል ነው። የባንክ ሒሳብ ተቀይሯል የሚል መልእክት ሲደርስዎ፣ በመልእክቱ በሰፈረው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው የላኪውን ድምፅ ይስሙ።