የከባዱ ድንጋይ መንደር

ተንግስተን የሚለው ስም ከስዊድን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። ክብደቱ ከወርቅ ጋር ይስተካከላል፤ ለመቅለጥም 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ብረት የሚቆርጥ መሣሪያም ሆነ የታንክ ግድግዳ የሚበሳ ጥይት ከእርሱ ይሠራል። ስለዚህ ጦርነት በመጣ ቁጥር ተፈላጊነቱ ይንራል፤ ሰላም ሲወርድ ዋጋው ይወድቃል። ከዋጋው ጋር አብረው የሚነሡና የሚወድቁ መንደሮችም አሉ።

ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ኮሪያ፣ በጋንግወን ክፍለ ሀገር ተራሮች መካከል የሚገኘው ሳንግዶንግ ነው። ክፍለ ሀገሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ ከተዋጋባቸው ስፍራዎች መካከል የጋንግወን ሰሜናዊ ተራሮች ይገኙበታል፤ የዘማቾቻችን መታሰቢያ ሐውልትም በዋና ከተማዋ በቹንቾን ቆሟል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳንግዶንግ ማዕድን የተገኘው ኮሪያ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1916 ነበር። ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ በመጋቢት 1952፣ ደቡብ ኮሪያ ተንግስተኗን ለአሜሪካ ለመሸጥ ስምምነት ተፈራረመች። ፋብሪካዎቿ ለፈረሱባትና ሕዝቧ ለተራበባት አገር ይህ ድንጋይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ሆነላት። በእነዚያ ዓመታት ከውጭ ንግድ ገቢዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከተንግስተን የተገኘ ነበር። ኋላ ታላቁን የፖስኮ ብረታ ብረት ኩባንያ የመሠረቱት ፓርክ ቴ-ጁን እንኳ ቀደም ሲል የመንግሥቱን የተንግስተን ኩባንያ መርተዋል።

ይሁን እንጂ የድንጋዩ በረከት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በዚያው በ1952 ከተንግስተን የተገኘው ዶላር ለተመረጡ ነጋዴዎች ተሰጠ፤ እነርሱም እህልና ማዳበሪያ አስገብተው ለገበሬው በብዙ እጥፍ ዋጋ ሸጡለት። «የተንግስተን ዶላር» ቅሌት እየተባለ በአገሪቱ ታሪክ የሚነሣው ይህ ነው። ሠራተኛው ከተራራው ሆድ ያወጣው ሀብት፣ ገና ከጅምሩ፣ በሌላው ድኻ ትከሻ ላይ ዕዳ ሆኖ ተጫነ።

ቀጥሎም የቻይና ርካሽ ተንግስተን የዓለምን ገበያ አጥለቀለቀ። ሳንግዶንግ መቋቋም አቅቶት በ1994 ተዘጋ። ማዕድኑ አላለቀም ነበር፤ ያለቀው ዋጋው ነው። በደጉ ዘመን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርባት የነበረችው መንደር ወደ አንድ ሺህ ገደማ ነዋሪ ወረደች።

አሁን ነፋሱ ተመልሷል። በ2015 አልሞንቲ የተባለ ኩባንያ ማዕድኑን ገዛው፤ በ2020 ለመልሶ ግንባታው ከአንድ የጀርመን ባንክ የ75.1 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። የዓለምን ተንግስተን አብላጫውን የምታመርተው ቻይናም በየካቲት 2025 ወደ ውጭ በሚላከው ምርቷ ላይ ቁጥጥር ጣለች። በአንድ ወቅት በርካሽ ዋጋዋ ማዕድኑን ያዘጋችው አገር፣ ምርቷን ስትቆልፍ ደግሞ ተፈላጊነቱን መለሰችለት።

የሳንግዶንግ ማዕድን ሺላይት ይባላል፤ በጨለማ ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ባለሙያው በዚህ ብርሃን ከዋሻው ግድግዳ ላይ የቀረውን ሀብት ለይቶ ያያል። መንደሩ ያጣውን የሚያሳይ መብራት ግን የለም። የዛሬው ማሽን የቀድሞውን የብዙ ሰው ጉልበት ስለተካ፣ ማዕድኑ ቢከፈት እንኳ የተዘጉት ቤቶች ሁሉ ይከፈታሉ ማለት አይደለም። ዋሻውን የሚከፍቱ ሰዎች ዳግመኛ የሚዘጋበትንም ቀን ማሰብ ይገባቸዋል፤ ለመንደሩ የሚተርፈው ድርሻ መቆረጥ ያለበት ዋጋው ከፍ ባለበት በዛሬው ቀን ነው። ዋጋው ከወደቀ በኋላ የመንደርተኛውን አቤቱታ የሚሰማ ገዢ እንደማይኖር ሳንግዶንግ በ1994 አይታዋለች።