የሐኪም ምስክርነት ለፍርድ ቤት፦ በቦንጋና አካባቢዋ ያለ ባለጉዳይ ሊያውቀው የሚገባ

ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር ወይም አጠራጣሪ ሞት ፍርድ ቤት ሲደርስ የሐኪም ቃል ከዓይን ምስክር ባልተናነሰ ይመዝናል። ብዙ ወገኖቻችን ስለዚህ ማስረጃ ማሰብ የሚጀምሩት ቀጠሮ ሲደርስ ነው። ያኔ ግን ቁስሉ ሽሯል፣ ሰንበሩም ጠፍቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ባጭሩ እናቀርባለን።

ምርመራው፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 34፣ መርማሪ ፖሊስ ተጎጂውን ሐኪም መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የተጎጂው ፈቃድ የግድ ነው፤ ለሕፃን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል። በቦንጋ ያለው ሆስፒታል ገብረ ጻድቅ ሻዎ ነው፤ ከዚያ በላይ ስፔሻሊስት ካስፈለገ ቅርቡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። በዚያው ዕለት ለፖሊስ አመልክቶ መታከም ይበጃል። የካርድ ቁጥሩን መያዝም አይዘንጋ።

የወረቀቱ ይዘት፦ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 556 ሥር የሚወድቅ ቀላል ጉዳት ግን ቅጣቱ እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱን ለዳኛው የሚያሳየው የሐኪሙ ገለጻ ነው። የጉዳቱ ቦታ፣ መጠን፣ በምን እንደደረሰና ዘላቂ ጉድለት ማስከተሉ ተለይቶ ይጻፍ።

መጥሪያ፦ በወንጀል ጉዳይ ሐኪሙን የሚያስጠራው ዐቃቤ ሕግ ነው። በፍትሐ ብሔር ባለጉዳዩ ሐኪሙን በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙን፣ ሙያውንና የሚሠራበትን ቦታ ጠቅሶ መጥሪያ እንዲላክለት ያመለክታል። ሐኪሞች ስለሚዛወሩ አሁን ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ተከሳሽም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የራሱን ምስክር የማቅረብና የቀረበበትን የመጠየቅ መብት አለው። የአእምሮው ጤንነት አጠራጣሪ ሲሆን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 መሠረት ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ አስተያየት ይጠይቃል።

ጀናዛ ሲሆን፦ ቤተሰብ ቀብሩን ማፋጠን ሱንና በመሆኑ የአስከሬን ምርመራን ሊፈራው ይችላል። ሆኖም በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በ1408 ዓ.ሒ. ባደረገው 10ኛ ጉባኤው በወንጀል የተጠረጠረ ሞትን ለማጣራት ምርመራውን ፈቅዷል። ምርመራው ከአስፈላጊው መጠን እንዳያልፍ፣ የሴት አስከሬን ሴት ሐኪም ካለች በእርሷ እንዲመረመርና የተወሰደው ክፍል ሁሉ እንዲቀበር አሳስቧል። ከተቀበረ በኋላ አውጥቶ መመርመር ለቤተሰብም ለሐኪምም እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ከትጥበቱ በፊት ለፖሊስ ማሳወቅ፣ የአካባቢውን ኢማም ማማከርና ቀብሩን ለጥቂት ማቆየት የሟችን ሐቅ መጠበቅ ነው።

በመጨረሻም ሐኪሙን "ለእኛ እንዲህ በልልን" ብሎ መለማመጥ አይገባም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 283 ምስክርነትን መደበቅ ይከለክላል፤ ያላዩትን መመስከርም ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ ነው። ከሐኪሙ የምንፈልገው ያየውን በትክክል እንዲናገር ብቻ ነው።