ከልብስ ስፌት መኪና ወደ ሞተር፦ የታይሚንግ ቤልት ታሪክ

መካኒክ በትንሽ መኪና ላይ አዲስ ታይሚንግ ቤልት ሲገጥም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤልቱን ካሰረ በኋላ ወዲያው መኪናውን አያስነሳም። መጀመሪያ ሞተሩን በመፍቻ ይዞ፣ በእጁ፣ ቀስ እያለ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞረዋል። ለምን አንድ ዙር አይበቃም? ለምንስ በእጅ? መልሱን ለማግኘት ከጋራዡ ወጣ ብለን ወደ ልብስ ሰፊ ቤት እንሂድ።

በስፌት መኪና ውስጥ መርፌው ጨርቁን ወግቶ ከወረደ በኋላ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር፣ ከታች ያለው መንጠቆ በዚያችው ቅጽበት ደርሶ ክሩን መያዝ አለበት። ትንሽ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ስፌት የለም። ልሙጥ ቀበቶ እዚህ አያዋጣም፤ ይንሸራተታላ! ሰንሰለት አይንሸራተትም፤ ግን ይጮኻል፣ ዘይትም ይፈልጋል። ዘይት ደግሞ የጨርቅ ጠላት ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ኬዝ የተባለ የአሜሪካው የጊልመር ኩባንያ መሐንዲስ ለሲንጀር የስፌት መኪናዎች መፍትሔ አገኘ፦ ከውስጥ በኩል ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ። እንደ ሰንሰለት አይንሸራተትም፣ እንደ ቀበቶ ደግሞ ድምፅ የለውም።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። የሞተር ፒስተን አራት ሥራዎችን በተራ ይሠራል፦ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ በቃጠሎው ይገፋል፣ ጭሱን ያስወጣል። አራቱ እስኪያልቁ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ግን የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ልክ እንደ መርፌውና መንጠቆው፣ ፒስተንና ቫልቭም ሰዓታቸውን ማክበር አለባቸው።

ይህን ሰዓት ለረጅም ጊዜ የጠበቁት ጊርና ሰንሰለት ነበሩ። በ1962 ግን ጀርመን ውስጥ፣ በባቫሪያዋ ዲንጎልፊንግ ከተማ፣ ግላስ የተባለ ፋብሪካ ግላስ 1004 የምትባል ትንሽ መኪና አወጣ። ፋብሪካው ቀደም ሲል የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ነበር። የመኪናዋ ሞተር 1 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም በብዛት ከተመረቱ መኪናዎች መካከል በጎማ ታይሚንግ ቤልት የመጀመሪያዋ ሆነች። ግላስ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ በ1966 ቢኤምደብሊው ገዛው። ሐሳቡ ግን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ ፊያት፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፖንቲያክ በቤልት የሚሠሩ ሞተሮችን አቀረቡ። ቤልት ቀላል፣ ርካሽና ዝምተኛ ስለሆነ ለትናንሽ መኪናዎች ተስማማ።

ታዲያ ችግሩ የመጣው ከዚሁ ዝምታ ነው። ሰንሰለት ሲላላ ብዙ ጊዜ ይንኳኳል፣ ያስጠነቅቃል። ቤልት ግን ድንገት ሊበጠስ ይችላል። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑና ቫልቩ አንዱን ቦታ በተራ ነው የሚጠቀሙበት፤ ቤልቱ ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን ገና ይወጣል። ያልተዘጋውን ቫልቭ መትቶ ያጣምመዋል። የአንድ ጎማ እርጅና ሙሉ ሞተር አስወረደ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ቤልት ሳይበጠስ የሚቀየረው። ቅያሬው ግን አንዳንዴ ያስቸግራል። አሮጌው ሲወልቅ የቫልቭ ስፕሪንጎች ካም ሻፍቱን ገፍተው ከምልክቱ ሊያስወጡት ይችላሉ። አዲሱ ሲገባ ደግሞ አንድ ጥርስ መዝለል ቀላል ነው። የካሙ ፑሊ 40 ጥርስ ቢኖረው፣ አንድ ጥርስ ስንት ዲግሪ ነው? 360ን ለ40 ስታካፍሉ 9 ዲግሪ ታገኛላችሁ፤ በክራንክ ሻፍቱ ሲታይ 18 ዲግሪ! እንዲህ ያለ ሞተር ለመነሳት ያስቸግራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል።

እንግዲህ የሁለቱ ዙር ምስጢር ተፈታ። ካም ሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ ወደ ምልክቱ የሚመለሰው ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው። ከሁለት ዙር በኋላ ምልክቶቹ ካልገጠሙ፣ ወይም ቤልቱ ከላላ፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በእጅ የሚዞረውም ስህተት ካለ እንዲሰማ ነው፤ መፍቻው ጠጠር ብሎ እምቢ ሲል መካኒኩ ቆም ይላል። ሞተሩን በቁልፍ ቢያስነሳው ኖሮ ስህተቱን የሚያውቀው ቫልቩ ከተጣመመ በኋላ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ አሮጌው ቤልት ዘይት ነክቶት ከነበረ፣ የሚያፈሰው ቦታ ሳይጠገን አዲሱን ማሰር ከንቱ ነው። ዘይት ጎማውን ይበላዋል።

ዛሬ ብዙ አምራቾች ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። በአገራችን መንገዶች ላይ የምታዩዋት ቶዮታ ቪትዝ እንኳ ባለ ሰንሰለት ናት። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት መኪና ካለ መመሪያ መጽሐፉን ተመልከቱ፦ ቤልት ነው ወይስ ሰንሰለት? ቤልት ከሆነ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ዓመት ይቀየር ይላል? መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ፣ መካኒክ ጋ መሄጃው ጊዜ አሁን ነው።